«ኃይል»ና «ጥንካሬ»፤ በአንድ የስፖርት ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ክብደት በማንሣት የሠለጠኑ ሰዎች የላይኛው አካላቸው ሲፈተን ሁለት ነገሮች ይለካሉ። አንደኛው ሰውዬው አንዴ ብቻ ሊያነሣው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚፈጽመው ሥራ መጠን ነው። በአማርኛ ሁለቱም «ኃይል» ሲባሉ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ስያሜ ጊዜን ስለሚሸሽግ ፈታኙንም አሠልጣኙንም ያሳስታል።

አንድ ሰው በጀርባው ተንጋሎ 100 ኪሎ ግራም ብረት 40 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ በ2 ሴኮንድ ቢገፋ አማካይ ውጤቱ 196 ዋት ያህል ነው። 80 ኪሎ ግራም በዚያው ርቀት በ0.4 ሴኮንድ ቢገፋ ግን 785 ዋት ይደርሳል። በክብደት የበለጠው ግፊያ በዋት የሌላው ሩብ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

«ጉልበት» ይተካው እንዳንል፣ «የፈረስ ጉልበት» የሚለው ቢደግፈንም፣ ቃሉ የእግር መጋጠሚያም ስም ነውና «የላይኛው አካል ጉልበት» አንባቢን ወደ ታች ይመራዋል። ስለዚህ ለከፍተኛው ክብደት «ጥንካሬ»፣ በዋት ለሚለካው ደግሞ፣ «የኤሌክትሪክ ኃይል» እንደምንለው ሁሉ፣ «ኃይል» ቢጸና ይሻላል።

ጉዳዩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባት በከሚሴ ያለ ተርጓሚ «ጥንካሬ»ን «ጀቢና»፣ «ኃይል»ን «ሁምና» ሊል ይችላል። ይሁንና «ሁምና»ም እንደ «ኃይል» ሰፊ ቃል ነው፤ የአማርኛው ጽሑፍ ሁለቱን ሳይለይ ከቀረበለት ተርጓሚው ልዩነቱን ከየት ያመጣዋል?