ትንቢት የጠራው ወይስ ትንቢትን የጠራ?

እንደ ቋረኛው ካሣ ኃይሉ የአማርኛ ደራሲያንን ደጋግሞ የሳበ ንጉሥ ጥቂት ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዕራቸውን አንሥተውለታል። ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የሚፈተነው ፍካሬ ኢየሱስ ላይ ሲደርስ ነው። መጽሐፉ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል፤ ካሣም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ስሙን ቴዎድሮስ አሰኘ።

አሰኘ እንጂ ስሙ በራሱ አልመጣለትም። ይህች ግሥ ብቻዋን ለአንድ ሙሉ ገቢር ትበቃለች። ትንቢቱን እንደ ዕጣ ፈንታ የሚያቀርብ ተውኔት ጀግናውን ከመድረክ አስወርዶ መጽሐፉን ያስተውናል። ካሣ ዙፋን የሚጠብቀው አልጋ ወራሽ አልነበረም፤ በመሳፍንቱ ፊት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ የኮሶ ሻጭ እየተባለች የምትሰደብበት ልጅ ነበር። ስድቡና ትንቢቱ በአንድ ልብ ውስጥ ሲጋጩ ማሳየት ነው የደራሲው ሥራ። የአቤ ልቦለድ «አንድ ለናቱ» መባሉ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ዐይናችንን ከድርሳን ወደ እናት ጓዳ ይመልሳል።

እውነተኛው ወራሽስ? ልዑል ዓለማየሁ አባቱ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ሲሠዋ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እንግሊዞች ወሰዱት፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። ለእርሱ የተነገረ ትንቢት የለም፤ የተሸከመው የአባቱን ብቻ ነው። ወደፊት ቴዎድሮስን ለመድረክ የሚያበቃ ጸሐፊ መጋረጃውን በሽጉጡ ድምፅ ከመዝጋቱ በፊት ሕፃኑ ከአምባው ሲወርድ ያሳየን።