የአምባዛ እራት

ክረምት ሲበረታ ቁሐር ሚካኤል ላይ ቆሞ ወደ ጣና የሚያይ ሰው ሐይቁ የት እንደሚያልቅ፣ ማሳው የት እንደሚጀምር መለየት ይቸግረዋል። የጉማራና የርብ ወንዞች ከደጋው ጠራርገው ያመጡትን ውኃ ፎገራ ሜዳ ላይ ያፈሱታል፤ ሩዙ እስከ አንገቱ ይሰምጣል፤ ከብት ይግጥበት የነበረው ሣር የዓሣ መዋኛ ይሆናል። ሌሊት በዚያ ድፍርስ ውኃ ውስጥ እየዳሰሰ የሚመጣው አዳኝ አምባዛ ነው።

እሱን በመንጠቆ መያዝ የተማርኩት ከአንድ ጎረቤታችን ነው። «አያ» ነው የምላቸው። ትምህርቱ የተጀመረው በመንጠቆው ወይም በገመዱ አልነበረም፤ መንጠቆው ላይ በሚሰካው ምግብ ነበር። ዛሬም ድረስ እጃቸው ያን ምግብ ሲያዘጋጅ ማየት ጥሩ ሸማኔ ጥለት ሲያገባ የማየት ያህል ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የራሴን ሙከራ ይዤላቸው ሄድኩ። የዶሮ ጉበት ፈጭቼ ከሩዝ ዱቄት ጋር ለውሼ፣ የለውዝ ፍሬ በሚያክል መጠን አድበልብዬዋለሁ። ሽታው ሩቅ ይደርሳል፤ በዚያም ኮርቻለሁ። አያ አንዱን ድብልብል አነሱና ውኃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ጣሉት። ዝም ብለን ጠበቅን። ቡና አንድ ጊዜ ተቀድቶ ሳያልቅ ድብልብሉ ፈርሶ ጣሳው ጭቃ መሰለ።

«ሽታው ደርሶ እንግዳውን ቢጠራው፣ ሲመጣ ምን ይበላል ልጄ?» አሉኝ።

ከዚያ ቢላቸውን አወጡ። ስለቱ በመሳል ብዛት ተበልቶ ቀጭን ሆኗል። አንድ ትንሽ የቆሮሶ ዓሣ አጋድመው ቅርፊቱን ገፈፉ፤ ቆዳውን ግን አልነኩትም። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር እንጂ ሥራው በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያ ቆዳ ላይ ነው። ሥጋ ብቻውን በውኃ ይልማል፣ ይበጣጠሳል፤ ትንንሾቹ ዓሦችም ጫፍ ጫፉን ለቅመው ይጨርሱታል። ቆዳ ያለው ቁራጭ ግን ሌሊቱን ሙሉ መንጠቆው ላይ ያድራል። ከጎኑ በኩል የጣት ስፋት ያለው፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ቁራጭ አወጡ። ቢላው አንድ ጊዜ ሄደ፤ እየተመላለሰ አልገዘገዘም። የቁራጩ ጠርዝ የተቀደደ ሳይሆን የተቆረጠ ነበር።

ቁራጮቹን በጣም ትንሽ ጨው አስነክተው ጥላ ውስጥ ሰፌድ ላይ ዘረጓቸው። ጨው ውኃውን ስቦ ሥጋውን ያጠነክረዋል፤ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ግን ላዩ ይደርቅና ጠረኑን ይዞ ያስቀራል። ለጀማሪ እዚህ ላይ ያለው ፈተና ማብዛት ነው። እኔም አንዱ ቁራጭ ላይ ጨው ጨመርኩ፤ «እንዳይበላሽ» ብዬ። አያ ያን ቁራጭ ለብቻው አወጡት።

የአሰካካቸው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። መንጠቆውን ከሰፊው ጫፍ በቆዳው በኩል አስገብተው በሥጋው በኩል አወጡት፤ ቁራጩን አዙረው ከሥጋው ወደ ቆዳው አንድ ጊዜ ደገሙት። ቀጭኑ ጫፍ እንደ ጅራት ተንጠለጠለ፤ ውኃው ሲነካው እንዲወዛወዝ ነው። የመንጠቆውን ስለት ደግሞ ሥጋ አላለበሱትም። እኔ ልሸፍነው ነበር። «ስለቱን ከቀበርኸው እኮ የሚነክሰው ምግቡን ብቻ ነው» አሉኝ።

የአምባዛ ዓይን ትንሽ ነው። የሚተማመነው በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት ጢሞቹ ነው፤ ጢሞቹም መዳሰስ ብቻ ሳይሆን መቅመስም ይችላሉ። ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ጥልቀት የሌለው ድፍርስ ውኃ ውስጥ ይኖራል። አያ ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡትም። ግን የሚቆርጡት ምግብ ለሚቀምስ ጢም የተሰናዳ ነው፤ ለዓይን ምንም አላደረጉለትም።

ትልስ? እበት የተከመረበትን እርጥብ አፈር ቢቆፍሩ ትል ሞልቷል፤ ልፋትም የለውም። አያ ግን ለአምባዛ መንጠቆ አይመርጡትም። ትል ትንሽ ትልቁን ሁሉ ይጠራል፤ ከቆዳው ጋር የተቆረጠ የዓሣ ሥጋ በትልቅ መንጠቆ ላይ ሲሆን ግን የሚውጠው ሰፊ አፍ ያለው ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ይህ መለየት ነው።

ምክንያቱም በዚያው ወቅት ጉማራ ላይ ሌላ ጉዞ አለ። በጣና ብቻ ከሚገኙት፣ ተመራማሪዎች 15 ዓይነት ብለው ከለዩዋቸው ነጭ ዓሦች ውስጥ የተወሰኑት በክረምት ሊራቡ ወደ ወንዙ ይወጣሉ። በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ እናቶቹን በአንድ ሌሊት ያፍሳል። የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ወንዙ ላይ የሚበትነው ደግሞ ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ዓሣ ሁሉ ያደነዝዛል፤ ብርብራ አይመርጥም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የጣና ዓሦች 75 በመቶ መቀነሳቸው፣ ትንንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ መመናመናቸው በ2004 በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ያን ቁጥር ሳነብ የታየኝ የአያ ሰፌድ ነበር፤ ላዩ ላይ ተቆጥረው የተዘረጉት ቁራጮች።

በሦስተኛው ምሽት ቢላውን ለእኔ ሰጡኝ። ቁራጬ ወፍራም ሆነ፣ ጠርዙም ተንጨፈረረ፤ እሳቸው ግን ምንም ሳይሉ ከራሳቸው ጎን ሰካክተው ገመዱ ላይ አሰሩት። ሲነጋ አብረን ወረድን። የእሳቸው መንጠቆዎች ሁለቱ አምባዛ ይዘዋል፤ ከቀሩት ላይ ያሉት ቁራጮች ሥጋቸው ነጥቷል እንጂ ቆዳቸው ሙሉ ነው። የእኔን ሳብኩት። ጠርዙ በትንንሽ ንክሻ ተበልቶ አልቋል፤ ሁለት ጊዜ የተወጋው ቆዳ ግን ከመንጠቆው አልለቀቀም። አያ በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ሞከሩት።

«ቆዳው ይዟል» አሉና ቢላውን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።