የቁጥሩ ታሪክና የስሙ ምስክርነት
ስለ ሩዋንዳው የዘር ማጥፋት የተጻፉ መጻሕፍት ሲመረመሩ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል የአገራችን ብሂል። ብሂሉ የተወጋው ሰው በሕይወት መኖሩን እንደ ታወቀ ነገር ቆጥሮ ይነሣል። የሚያስታውስ እንዳይቀር ቤተሰብ ከነሥሩ በተነቀለበት ምድር ግን ትዝታን የሚጠብቀው ማን ነው? ስለ ሩዋንዳ የተጻፉትን መጻሕፍት፣ የታሪክ ምሁሩንም ሆነ ከሞት የተረፈችውን ሴት ሥራ፣ በአንድ ገመድ የሚያስተሳስራቸው ይህ ጥያቄ ነው።

በ1994 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤፕሪል 6 ማታ ፕሬዚዳንት ሃቢያሪማና የተሳፈሩበት አውሮፕላን ኪጋሊ ላይ ተመትቶ ከወደቀ በኋላ፣ እስከ ጁላይ አጋማሽ በነበሩት መቶ ቀናት ውስጥ ቱትሲዎች በየመንደሩ፣ በየመንገዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ታረዱ። ፍጅቱን የተቃወሙ ሁቱዎችም አብረው ተገደሉ። የታሪክ ምሁሯ አሊሰን ዴ ፎርዥ የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 500,000፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 800,000 ያህል፣ የሩዋንዳ መንግሥት ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያደርጉታል። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ብዙ ይናገራል። በብዙ ቀበሌ ሟቹን የሚቆጥር ዘመድ እንኳ አልተረፈምና።

ይህን የመሰለ መዓት ለመረዳት የሚፈልግ አንባቢ ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ይጠብቁታል። አንደኛው የታሪክ ጥናት ነው፤ ፍጅቱ እንዴት እንደ ተሠራ ያስረዳል። ሁለተኛው የተራፊዎች ቃል ነው፤ በማን ላይ እንደ ተሠራ ያሳያል። ሁለቱ ተነጣጥለው ሲነበቡ እያንዳንዳቸው ግማሽ እውነት ሆነው ይቀራሉ። የእያንዳንዱ ሥራ ብቃትም ሊመዘን የሚገባው ለሌላው ግማሽ በሩን ክፍት በመተዉ ወይም በመዝጋቱ ነው።

አስቀድሞ ከመንገድ መወገድ ያለበት አንድ ውሸት አለ። ይኸውም ነገሩ «የጥንት የጎሣ ጥላቻ» ነው የሚለው ነው። ሁቱና ቱትሲ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ተጎራብተው የሚያርሱና የሚያረቡ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ ሕዝቦች ነበሩ። ልዩነታቸውን የዘር ልዩነት ያደረገው በአብዛኛው የቅኝ ገዢዎች ብዕርና ማኅተም ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ሃኒንግ ስፒክ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ የሐይቆቹ አካባቢ ገዢ ወገኖች ከኢትዮጵያ የፈለሱ ናቸው የሚል መላ ምት ዘራ። የቤልጅግ ቅኝ አስተዳደር በ1930ዎቹ ዓመታት የእያንዳንዱን ሰው ወገን በመታወቂያ ወረቀት ላይ ጻፈ። መጀመሪያ ቱትሲውን ለማክበሪያ ያገለገለው ተረት ከ1959 ወዲህ ባዕድ ማድረጊያ ሆነ።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት፤ የአገሩ ስም በገዳዮች አፍ ገብቶ ነበርና። ሌዮን ሙጌሴራ የተባለው የገዢው ፓርቲ ሰው በኖቬምበር 22 ቀን 1992 ካባያ ላይ ባደረገው ንግግር የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ መሆኑን፣ ቶሎ እንዲደርሱም በኒያባሮንጎ ወንዝ እንደሚላኩ ለተሰበሰበው ሕዝብ ነገረ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ወንዙ ሬሳ ተሸከመ። የኒያባሮንጎ ውኃ ከካጌራ ጋር ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል እንጂ ኢትዮጵያን አይረግጥም። ሬሳዎቹም በሐይቁ ዳርቻ በዓሣ አጥማጆች እጅ ወጡ። ሙጌሴራ ከካናዳ ተላልፎ ለሩዋንዳ ከተሰጠ በኋላ በ2016 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። አንድ አሳሽ በዋዛ የጻፈው መላ ምት ከ130 ዓመታት በኋላ የመግደያ ቃል እስኪሆን ድረስ የተጓዘበትን መንገድ መከተል የታሪክ ምሁሩ የመጀመሪያ ግዳጅ ነው።

ከታሪክ መጻሕፍቱ መካከል ሦስቱ በተለይ ሊነሡ ይገባል። የፈረንሳዊው ዤራር ፕሩንዬ «የሩዋንዳ ቀውስ» በ1995፣ ቁስሉ ገና ትኩስ ሳለ የወጣ ነው። ጥንካሬው የቅኝ ዘመኑን፣ የ1959ኙን ግርግርና በ1990 የተጀመረውን ጦርነት በአንድ ሐረግ ማያያዙ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ከቅርበቱ የመጣ ነው። ደራሲው ራሱ በ2009 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ስለ ሩዋንዳ አርበኞች ግንባር የነበረውን አመለካከት በከፊል አርሟል። ስሕተቱን በአደባባይ የሚያርም የታሪክ ጸሐፊ ከማይሳሳት ጸሐፊ ይልቅ ይታመናል።

ኡጋንዳዊው ማህሙድ ማምዳኒ በ2001 ባሳተመው «ተበዳዮች ገዳይ ሲሆኑ» የጠየቀው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው። መንግሥት ለምን ገደለ ብቻ ሳይሆን ሰፊው ሕዝብ ለምን ተባበረ ይላል። መልሱን የሚያገኘው የቅኝ ሕግ አንዱን «ባላገር» ሌላውን «መጤ» አድርጎ በመፈረጁ ውስጥ ነው። ትንታኔው ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ በገጾቹ ውስጥ ፊት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ገዳዩም ተገዳዩም ፍረጃ ሆነው ያልፋሉ፤ አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ የሚያስታውሰው ስም አያገኝም።

የዴ ፎርዥ «ታሪኩን የሚናገር አንድም እንዳይተርፍ» በ1999 የወጣ፣ ከ700 ገጽ በላይ የሆነ ሥራ ነው። ለዚህ ሒስ የታሪክ ጽሑፍ ጫፍ ይኸው ነው። ደራሲዋ ከአካባቢ አስተዳደር መዝገቦች፣ ከስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችና ከምስክሮች ቃል ተነሥታ ቡታሬ በተባለው ክፍለ አገር የሆነውን ቀን በቀን ታስከትላለች። በቡታሬ አገረ ገዢው ዣን ባፕቲስት ሃቢያሊማና ፍጅቱን ተቃውሞ ስለ ነበር ለሁለት ሳምንት ያህል ግድያው በሰፊው ሊዛመት አልቻለም። እሱ ከሥልጣን ከተነሣና ጊዜያዊው ፕሬዚዳንት ሲንዲኩብዋቦ ኤፕሪል 19 ቀን ወደዚያ መጥቶ ሕዝቡን የሚቀሰቅስ ንግግር ካደረገ በኋላ ግን ቡታሬ የደም ምድር ሆነ። አገረ ገዢውም ተገደለ። ይህ አንድ ምዕራፍ «የጥንት ጥላቻ» የሚለውን ተረት ለማፍረስ ከመቶ ክርክር ይበልጣል። አንድ ሹም ሲከለክል የቆመ፣ ሌላው ሲያዝዝ የተለቀቀ ነገር ዕጣ ፈንታ ሊባል አይችልም። ዴ ፎርዥ አሸናፊው ግንባር የፈጸማቸውን ግድያዎችም ሳትሸሽግ መመዝገቧ፣ ይህንንም ያደረገችው የዘር ማጥፋቱን ሳታደበዝዝ መሆኑ ሥራዋን ያስከብረዋል።

የውጭው ዓለም ተጠያቂነትም በታሪክ መዝገብ ሰፍሯል። የጸጥታው ምክር ቤት በኤፕሪል 21 ቀን 1994 ሰላም አስከባሪውን ጦር ወደ 270 ሰዎች እንዲቀንስ ወሰነ። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያቋቋመው የታዋቂ ሰዎች ቡድን በ2000 ባወጣው ዘገባ ፍጅቱ ሊወገድ ይችል እንደ ነበር በርዕሱ ሳይቀር ተናገረ። ኃያላኑን ከመውቀሱም ጋር ድርጅቱን ራሱን አልማረም፤ ግድያው ገና ሳይቆም፣ በጁን 1994 በተደረገው የቱኒስ ጉባኤ የፈጂው መንግሥት ልዑካን መቀመጫ ማግኘታቸውን አስታወሰ።

ይህ ሁሉ የታሪክ ሥራ የሚደርስበት ድንበር አለ። ስምንት መቶ ሺ የሚል ቃል አእምሮን ያስደነግጣል እንጂ አንዲትን እናት አያሳይም። የአገራችን አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን በስሙ፣ በሙያውና በደግነቱ ነው የምታነሣው እንጂ በደፈናው «ሰው ሞተ» አትልም። የተራፊዎች መጻሕፍትም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ከእነዚህ በብዛት ከተነበቡት አንዱ የፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ዣን ሃትዝፌልድ ሥራ ነው። በ2000 ባሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የኒያማታን 14 ተራፊዎች ቃል ሰብስቧል። በኒያማታ ወረዳ ከኤፕሪል 11 እስከ ሜይ 14 ድረስ ከ59,000 ያህል ቱትሲዎች 50,000 ያህሉ ተገድለዋል። የተረፉት በኒያባሮንጎ ዳር ባለው ረግረግ፣ በደንገል ሥር ጭቃ ውስጥ ተነክረው ነው። በንግግር ላይ የመግደያ ቃል የነበረው ወንዝ እዚህ የመሸሸጊያ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ በአንድነት የገደሉ አሥር እስረኞችን አናገረ። እነዚህ ሰዎች መግደልን «ሥራ» ይሉታል። ጧት ተሰብስበው ይወጡ፣ ማምሻውን ይመለሱ ነበር። ሰምና ወርቅ የቅኔ ጌጥ በሆነበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ቃል ያስደነግጣል፤ ሰሙ የገበሬ ትጋት፣ ወርቁ የጎረቤት አንገት ነውና።

ይሁን እንጂ የሃትዝፌልድ አሠራር ያለ ሒስ ሊታለፍ አይገባም። ጠያቂው የራሱን ጥያቄዎች ከተናጋሪዎቹ ቃል ያስወጣል፤ የተናገሩትንም በሚያምር ፈረንሳይኛ ያቀናጃል። ከዚህ የተነሣ ገበሬይቱም፣ አስተማሪውም፣ ተማሪውም በተቀራረበ ቅላፄ ይናገራሉ። የምስክሩ ድምፅ የት እንደሚያበቃ፣ የጸሐፊው እጅ የት እንደሚጀምር አንባቢው መለየት ያቅተዋል።

ብዕሩን ተራፊዎቹ ራሳቸው ሲይዙት ነገሩ ይለወጣል። ባለቤቷንና ሦስት ልጆቿን ያጣችው ነርስ ዮላንድ ሙካጋሳና በ1997 ያወጣችው መጽሐፍ ቁጣውን አይደብቅም፤ አንባቢውን ሊያጽናና አይሞክርም። ስኮላስቲክ ሙካሶንጋ ደግሞ በ1994 አገር ቤት አልነበረችም። ቤተሰቧ በ1960 ወደ ኒያማታ በግዞት ተወስዶ ነበር፤ እሷም በ1973 ወደ ቡሩንዲ ተሰደደች። እናቷና ብዙ ዘመዶቿ ግን አለቁ። በ2006 ያሳተመችው «ኢንየንዚ ወይም በረሮዎቹ» ፍጅቱ በአንድ ሌሊት ያልተወለደ መሆኑን ከልጅነት ሕይወቷ ታሳያለች። የታሪክ ምሁሩ በመዝገብ ያገኘውን እሷ በትምህርት ቤት ደጃፍና በእናቷ ጓሮ ታገኘዋለች። በ2008 የወጣው ስለ እናቷ የጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ ከሙሾም ይልቃል። እናቲቱ ስትሞት አስከሬኗን እንዲሸፍኑ ለልጆቿ አደራ ብላ ነበር። የሚሸፈን አስከሬን ስላልተገኘ ልጂቱ መጽሐፉን መግነዝ አደረገችው። የማሽላው ድግስ፣ የቤቱ አሠራር፣ የልጃገረዶች አጊያጊያጥ በዝርዝር መጻፉ ለጌጥ አይደለም። የጠፋው ምን እንደ ነበር ካልታወቀ መጥፋቱም አይታወቅም።

ከዚህ ወገን የኢማኩሌ ኢሊባጊዛ የ2006 መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ተነቧል። ከሌሎች ሰባት ሴቶች ጋር በአንድ ሁቱ ቄስ ቤት መታጠቢያ ክፍል ለ91 ቀናት ተደብቃ እንዴት በእምነት እንደ ጸናች ትተርካለች። የሴትዮዋን ቃልና ይቅርታ የሚያቃልል ሰው አይኖርም። አደጋው ያለው በአንባቢው ዘንድ ነው። በዚህ መጽሐፍ ብቻ የሚያበቃ ሰው ሩዋንዳን እንደ አንዲት ነፍስ ተአምራዊ መዳን ይረዳና ተጽናንቶ ይተኛል። የቡታሬው ንግግር፣ የመታወቂያው ወረቀት፣ የኒያማታው 50,000 ከዓይኑ ይሰወሩበታል። መትረፍ እንደ ደንብ፣ መሞት እንደ መጥፎ ዕድል ሆኖ ይታየዋል። በሩዋንዳ ግን ደንቡ ሞት ነበር።

የምስክርነት ኃይል በሥነ ጽሑፍ ብቻ አልተወሰነም። አሩሻ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 የታባ ከንቲባ በነበረው በአካየሱ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። ይህ በመጀመሪያው ክስ ውስጥ አልነበረም። ክሱ የተሻሻለው ሴቶች ምስክር ሆነው ከቀረቡ በኋላ ነው።

ልብ ወለድና ቴአትር በዚህ መካከል ምን ቦታ አላቸው? በ1998 ወደ ሩዋንዳ ከተጓዙት አፍሪካውያን ደራስያን መካከል ሴኔጋላዊው ቡባካር ቦሪስ ዲዮፕ በ2000 «ሙራምቢ፣ የአጽሞች መጽሐፍ» የተባለውን ልብ ወለድ አቀረበ። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ደረቅ ነው፤ የአጽም ክምር ያየ ደራሲ ቃል ማስጌጥ እንደማይገባው የተረዳ ይመስላል። ሁለቱን መንገዶች በአንድ መድረክ ያገናኘው ግን ግሩፖቭ የተባለው የቤልጅግ የቴአትር ቡድን በ2000 ለሙሉ ትርኢት ያበቃው «ሩዋንዳ 94» ነው። ቴአትሩ ሲከፈት ሙካጋሳና ራሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ በራሷ የደረሰውን ለረጅም ጊዜ ትናገራለች። የሙታን ጓድ ይከተላል። ከዚያም የአገሪቱ ታሪክ እንደ ትምህርት ገለጻ በተመልካቹ ፊት ይዘረዘራል። በቴአትር ሕግ ገለጻ ድራማን ይገድላል ይባላል። እዚህ ግን ተመልካቹ የእናቲቱን ቃል ከሰማ በኋላ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ሳይወድ ይጠይቃልና፣ ገለጻው የልቅሶው መልስ ሆኖ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ በመጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ምክንያት።

ስለዚህ ሩዋንዳን ሊረዳ የሚነሣ አንባቢ ዴ ፎርዥንና ሙካሶንጋን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። የአንዷን መዝገብ ሲያነብ የሌላዋን እናት ያስታውስ፤ በእናቲቱ ሲያለቅስ ያዘዘውን ሹም ስም ይጠይቅ። እነዚህ ሥራዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱም ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢመጡ ይበጃል። የአገራችን ስም አንድ ጊዜ በሐሰት ተረት ውስጥ ገብቶ የሰው መግደያ ሆኗል። በኒያባሮንጎ ወደ «አገራቸው» ተላኩ የተባሉት ሰዎች እዚህ አልደረሱም። ስማቸው ቢያንስ በመጽሐፍ ይድረስ።