ባቡሩ ጠረጴዛው ላይ አልገባ አለ

ሞዴል ስንሠራ አንድ አመል አለን፤ ምንም ነገር እንዲቀርብን አንፈልግም። የትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ አይታችሁታል። አንዲት ካርቶን ላይ ግድብ አለ፤ ከግድቡ ሥር ፋብሪካ፣ ከፋብሪካው ጎን ኤርፖርት። አውሮፕላኑ ከሆስፒታሉ ይበልጣል፤ በጉ ደግሞ ከአውሮፕላኑ። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። በጉ ለምን እንዲህ ገዘፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሽቦ መኪና የሚሠሩ የሰፈር ልጆች በዚህ ይሻሉናል፤ ቆርኪው ለአካሉ ካነሰ “ይኼማ አይሱዙ አይደለም!” ብለው ያፈርሱታል።

ይህን ያነሳሁት መካነ ሰላም የሚኖር አንድ የፊዚክስ መምህር የላከልኝን ንድፍ ካየሁ በኋላ ነው። መምህሩ በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ፣ የባቡር ሞዴል ሊሠራ አስቧል። ቦታው 2 ሜትር ከ40 ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አዋሽ አለ፤ ኮምቦልቻ አለ፤ ሁለት ዋሻ አለ፤ የዓባይ ድልድይ አለ። መሐል ላይ ደግሞ ባቡር አይታ የማታውቀው መካነ ሰላም ትልቅ ጣቢያ ይዛ ተቀምጣለች። “ጋሼ፣ የጎደለ ካለ ይንገሩኝ” ይላል። የጎደለ ነገርማ የለም፤ ጣጣው እሱ ነው።

ሰውየው ቀልደኛ እንዳይመስላችሁ። መጫወቻ አይደለም የሚሠራው፤ “ሁሉም በትክክለኛ ልኬት ይሁን” ብሏል። በዓለም ላይ ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች ሞልተዋል። ከሁሉም የተለመደው ልኬት አንድ ለ87 ነው፤ እውነተኛው 87 ሜትር ጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር ይሆናል። ሱቅ የሚሸጠው ግን ለልጅ እጅ እንዲመች ይወፍራል። አንዱ የተለመደ የሱቅ ሀዲድ ቁመቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 ብታባዙት 22 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ በዘመናችን በትልልቅ መስመሮች ላይ የሚነጠፈው ከባድ ሀዲድ እንኳ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመጫወቻው ጠባብ ኩርባ ሬዲየሱ 36 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በእውነቱ ዓለም 31 ሜትር ማለት ነው። እንዲህ ባለ ኩርባ ዋና መስመር ላይ የሚሮጥ ባቡር ቢገባ ወሬውን በራዲዮ ትሰሙ ነበር! እንግዲህ ስለ ትክክለኛነት የማለው መምህር በ40 ሳንቲ ሜትር መደርደሪያ ላይ ባቡሩን ሊያዞር ሲያስብ፣ የመጀመሪያውን ውሸት ገና በእርሳሱ ጀመረው።

ወደ ዓባይ ደግሞ እንውረድ። በቦረና በኩል ወደ ጎጃም የተሻገረ ያውቀዋል፤ ሸለቆው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። በ87 ስናካፍለው 11 ሜትር ተኩል ይመጣል። መምህሩ ለሸለቆው ብቻ ጂ ፕላስ ሦስት ሕንጻ ሊከራይ ነው። ባቡር እንደ አይሱዙ ጥምዝምዙን እያጓራ አይወጣም፤ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። መቶ ሜትር ተጉዞ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ማለት ለእሱ ከባድ ዳገት ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ሺህ ሜትር ለመውጣት 40 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ይፈልጋል፤ ሞዴሉ ላይ እንኳ 460 ሜትር መደርደሪያ መሆኑ ነው። የዚያን አገር ቁልቁለት ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ያስጎተቱት አፄ ቴዎድሮስ ይጠየቁ።

ይህ አመል የመምህሩ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። በ2003 ዓ.ም. የጀመርነው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በአምስት ዓመት ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ሀዲድ ሊዘረጋ አስቦ ነበር። ካርታው ሲታይ ደስ ይል ነበር፤ መስመሩ በየአቅጣጫው ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመር፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሀዲዱ ከተነጠፈ በኋላም መንገደኛ ሳይሳፈርበት ዓመታት አለፉ። እዚያም ቤት ጠረጴዛውን ቀድሞ የለካ አልነበረም መሰል።

“ታዲያ ልተወው?” አለኝ መምህሩ። አብሽር ወንድምዬ፣ ለምን ትተወዋለህ? ቀንስ እንጂ።

ሁሉን ትቶ አንድ ነገር ይያዝ፤ የመስመር መጨረሻ የሆነች ትንሽ ጣቢያ። ባቡሩ አይዞርም፤ ገብቶ ይቆማል፤ ተመልሶ ይወጣል። ቤታችን ሳሎንና ጓዳ እንዳለው ሁሉ መደርደሪያውም ጓዳ ይኑረው፦ 1 ሜትር ከ60 ለጣቢያው፣ የቀረው 80 ሳንቲ ሜትር ከባህር ዛፎቹ ጀርባ ተደብቆ ፉርጎ በእጅ የሚደረደርበት። የድሮው የሸማንደፈር መስመር በሁለቱ ሀዲዶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ብቻ ነበረው፤ ለዚህ የሚሆን 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሀዲድ በዓለም ገበያ ይሸጣል። አሥር ሜትር ፉርጎ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሦስት ፉርጎና አንድ ሎኮሞቲቭ ግማሽ ሜትር አካባቢ ላይ ያልቃል። ሎኮሞቲቩ ፊት ሆኖ ከገባ ለመመለስ ከፉርጎዎቹ ተለይቶ በጎን ሀዲድ ወደ ኋላ መዞር አለበት፤ ስለዚህ ከመጨረሻው የሀዲድ መለወጫ በኋላ ልክ እሱን የሚያህል ባዶ ቦታ ይቀመጥለት። ይህን የረሳ ሰው ባቡሩ አንዴ ገብቶ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀርበታል። መደርደሪያው ጥሩ ኮምፔርሳቶ ይሁን፤ ባህር ዛፍ ይጣመማል። ደግሞ ሁለት ቦታ የሚከፈል ይሁን፤ አከራይ “ቤቱን እፈልገዋለሁ” ባለች ጊዜ በባጃጅ እንዲጫን።

የትኛው ጣቢያ ይሁን? አንድ ያልተነካ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ከዙላ የባህር ዳርቻ እስከ ኩማይሊ 20 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሀዲድ ዘርግተው ነበር። ዕቃው ከህንድ በመርከብ መጣ። ተራራው ሥር ሲደርስ ባቡሩ ቆመ፤ የቀረው በበቅሎና በዝሆን ሆነ። የመቅደላን ዘረፋም 15 ዝሆንና ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ በቅሎ ተሸክሞ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ አወረደው። ሲያበቁ ሀዲዱን ነቃቅለው ሄዱ። ለወሎ ሰው ይህን መሥራት ከባድ ቁም ነገር ነው። መምህሩ ግን አልወደደውም፤ “የእኔ ባቡር ሊዘርፍ አይመጣም” አለ። ልክ ነው።

እንግዲያው መካነ ሰላምን ይሥራት። “የሌለ ጣቢያ መሥራት ውሸት አይሆንም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። አይሆንም። ኤግዚቢሽኑ ላይ ያለው ግድብ ስሙ እውነት፣ ልኩ ውሸት ነው። ይህቺ ጣቢያ ስሟ ምኞት ቢሆንም ልኳ እውነት ይሆናል። ልኩ እውነት ሲሆን ደግሞ ጥያቄ ያመጣል። ባቡሩ ምን ጭኖ ነው የሚመጣው? ማዳበሪያና ቆርቆሮ እንበል። ሲመለስስ? ጤፍና በግ ካልን፣ በጎቹ ከየት በኩል ገብተው ይጫናሉ? መድረኩስ ምን ያህል ከፍ ይበል? ይህን ጠይቆ ያልመለሰ ሰው የጣቢያውን በር የት እንደሚያደርግ አያውቅም።

የቀረው ልኬቱ ነው። ድሬዳዋ ባለው የድሮው የምድር ባቡር ወርክሾፕ አሮጌ ፉርጎዎች አሁንም ቆመዋል፤ ዝገት ግን ክረምት ብሎ ትምህርት ቤት አይዘጋም። መምህሩ በመጪው ዕረፍት ፈቃድ ጠይቆ፣ ሜትሩንና ደብተሩን ይዞ ይሂድ። አንድ ፉርጎ ይበቃዋል፦ ርዝመቱን፣ ቁመቱን፣ የበሩን ስፋት፣ የጎማውን ውፍረት። የጎማው ውፍረት እንዳይረሳ፤ ሱቅ ያለው በልኬት ሲታሰብ ሩብ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።