ግድግዳው ወደቀ፣ ሰውየው ቆሟል!

የመተማዋ ገንዳ ውኃ፣ አንድ ሻይ ቤት። መሽቶም ሙቀቱ አልለቀቀንም። ባለቤቱ ለሰሊጥ አጨዳ የመጡትን እንግዶች ላዝናና ብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ፍላሽ ሰካ። ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ንግግር የሚባል የለውም። ሒሳቤን ከፍዬ ልወጣ ስነሣ ግድግዳው ወደቀ!

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1928 የተሠራው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ነው። አውሎ ነፋስ ከተማዋን እያፈረሰ፣ ተዋናዩ በስተር ኪተን መንገድ ላይ ተገትሯል። ከኋላው ያለው ቤት የፊት ግድግዳ እንዳለ ተገንጥሎ ይወድቅበታል። ሰውየው ግን የቆመው ክፍቷ መስኮት በምታርፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ግድግዳው ዙሪያውን ተነጠፈ፣ እሱን አልነካውም! የካሜራ ማታለያ እንዳይመስላችሁ፤ እውነተኛ ግድግዳ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቢቆም ኖሮ አልቆለት ነበር። ፊቱ ደግሞ ቅንጣት አይፈታም!

ሻይ ቤቱ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጡት ሱዳናዊ ሽማግሌ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከደጋ የወረደው አጫጅ ጭኑን ይመታል፣ ጉሙዝኛ የሚያወሩት ሁለት ወጣቶች ተደጋግፈው ይንፈራፈራሉ። አስተርጉሙልን ያለ የለም! በቋንቋ ብዛት አንድ ዋጋ ለመቁረጥ እንኳ አስተርጓሚ በሚፈለግበት አገር!

ከዚያች ማታ ወዲህ ሥራዬ ድምፅ አልባ ፊልሞችን መሰብሰብ ሆኗል። ሃሮልድ ሎይድ ከፎቅ ሰዓት ላይ የሚንጠለጠልበትን የ1923ቱን «ሴፍቲ ላስት» አገኘሁ፤ እዚያ የተንጠለጠለው ከዓመታት በፊት ቦምብ ሁለት ጣቶቹን በቆረጠው እጅ ነው! ቻርሊ ቻፕሊን ጫማውን ቀቅሎ የሚበላበትን «ዘ ጎልድ ረሽ»ንም ያዝኩ። ቻርሊ መቼ ቢወለድ ጥሩ ነው? ሚያዝያ 1881 ዓ.ም.፣ እዚሁ መተማ የወደቁት የአፄ ዮሐንስ አርባ ሳይወጣ!

እነዚህ ፊልሞች ጥንት የተቀረጹበትን ናይትሬት የሚባለውን ጥቅል ሙቀት ያበሰብሰዋል፤ አንዴ ከተያያዘም ውኃ አያጠፋውም። ከአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ሰባ በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳዋ ዶሰን ከተማ ከ500 በላይ ጥቅሎች ከመሬት ሥር ሲወጡ፣ ያቆያቸው የአገሩ ብርድ ነበር። ከእኛ ቆላ አንድም ባልተረፈ! ፍላሽ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱም ፊልሞች የቅጂ መብታቸው አሜሪካ ውስጥ አብቅቷል፤ ውሰዱ፣ አባዙ፣ ለጎረቤት ስጡ!

ዛሬ ማታ የኪተንን «ሸርሎክ ጁኒየር» ይዤ ወደ ሻይ ቤቱ እሄዳለሁ። ሽማግሌው ከፊት ወንበር ሊይዙልኝ ቃል ገብተዋል።