ከልጅ ወደ እናት የሚሄድ ፎቶ

የቆዳ ቦርሳ መሥራት የጀመረች የጎረቤታችን ልጅ ሰሞኑን ሱቅ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ የትኛውን ልክፈት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሥልጠና መምጣቷ ነው። ደብተሯ ላይ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ሊንክድኢንና ኤክስ ተደርድረዋል፤ ከታች «በሁሉም ቦታ መገኘት» የሚል ተጽፎ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ሁለት ይበቃሻል፣ ከዚያ በላይ ከከፈትሽ ምክር ፍለጋ እኔ ጋ እንዳትመጪ አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነው።

በሁሉም ቦታ መገኘት ለዚሁ ሥራ ሰው ቀጥሮ ለሚያሠራ ድርጅት ይሆን ይሆናል። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ቀሚስ ሲያስለካ፣ በቴሌብር የገባለትን ሲያረጋግጥ፣ ልብስ ሰፊውን በስልክ ሲጨቀጭቅ ለሚውል ሰው ግን መከራ ነው። ሰባት ቦታ ያው አንድ ፎቶ ይለጠፋል፤ በስድስቱ የመጣ ጥያቄ መልስ አጥቶ ይከርማል። የአንድ ጎረቤቴን ገጽ ከፍቼ አይቻለሁ፤ በመስቀል ሰሞን «ዋጋ?» ብለው የጻፉ ሰዎች ገና እስኪደርስ እዚያው ተሰልፈው ነበር። ዝግ ሱቅ አይቶ የሄደ ሰው ነገ ይመለሳል፤ ክፍት ሱቅ ገብቶ የሚያናግረው ያጣ ሰው ግን ተቀይሞ ነው የሚወጣው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ተመልካች ብዛት ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ፎቶውን ያየችው ልጅ ለማን ታሳየዋለች? እንዴትስ አድርጋ? የሐበሻ ቀሚስ አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ የሚገዛው ዕቃ አይደለም። በተለይ የሰርግ ከሆነ እናት አለች፣ እህት አለች፣ ሚዜዎች አሉ፣ ገንዘቡን የምትልክ አክስት አለች። እነዚህ ሁሉ «ይሁን» ካላሉ ቀሚሱ ከመስቀያው አይወርድም። ስለዚህ ለእኔ ንግድ የሚሆነው ፎቶን ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ አክስት ሳያበላሽ የሚያደርስ መድረክ ነው። በዚህ ደግሞ የቴሌግራም ቻናልን የሚስተካከል አላየሁም።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 መጣ፣ ቻናልን የጨመረው በ2015 ነው። ከቻናል ላይ አንድ ፖስት ፎርዋርድ ሲደረግ የቻናሉ ስም አናቱ ላይ ሆኖ አብሮ ይሄዳል። እናትየዋ ስሙን ስትነካው ሱቄ ገባች ማለት ነው። ዋጋው፣ የጨርቁ ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩ ሁሉ ከፎቶው ሥር እንዳለ ነው። ስክሪንሾት ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል፤ ፎቶው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲዞር ይቆይና አንዱ ሰፊ ጋ ደርሶ «ልክ እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ» ይባላል። ለዚህ ነው ስንት ሰው ላይክ አደረገ ከሚለው በፊት ፖስቱ ስንቴ ፎርዋርድ እንደተደረገ የማየው።

ባለፈው የሰርግ ወቅት ቀይ ጥለት ያለው የመነን ቀሚስ ለጥፌ ነበር። መጀመሪያ አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ቁመቱን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፣ ከዚያ ዝም አለች። ማታ ላይ እናቷ ከሐዋሳ ያንኑ ፖስት መልሳ ላከችልኝና «ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?» አለች። በማግስቱ ደግሞ አክስትየዋ ከሪያድ በድምፅ መልእክት መጣች። ዋጋው በጉልህ ተጽፏል፤ እሷ ግን «የመጨረሻው ስንት ነው?» ነው ያለችኝ። ተከራከርን፣ ቀነስኩላት፣ ለሦስት ሚዜ የሚሆን ያልተሰፋ ጨርቅ ጨመረችበት። ሦስቱም ሲያናግሩኝ ፊታቸው ያለው ያው አንድ ፖስት ነበርና ስለ የትኛው ቀሚስ ነው የምናወራው ብሎ መደናገር የለም።

ዋጋን ካነሳሁ አይቀር፣ «ዋጋ በኢንቦክስ» ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ አይገባኝም። ተፎካካሪ እንዳያውቅብኝ ነው ይላሉ። ተፎካካሪው እኮ ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤታችን ነው፤ ዋጋችንን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል! ሳያውቅ የሚቀረው ገዢው ብቻ ነው። እናትየዋ ፎቶው ሲደርሳት ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዋጋው ነው፤ ካጣችው «ውድ ቢሆን ነው የደበቁት» ብላ ታልፈዋለች። ዋጋ ከተጻፈ መከራከር ይቀራል ብሎ የሚፈራ ካለ የሪያዷን አክስት ያናግራት።

የእህቴ ልጅ የቲክቶክ ወገን ነው፣ በዚህ ጉዳይ ሁሌ ይሞግተኛል። «ያንተ ቻናል የሚያገኘው የሚያውቁህን ብቻ ነው፤ ቲክቶክ የማያውቅህን ያመጣልሃል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቴሌግራም እንግዳ ሰው ጠርቶ አያመጣም። አንድ ጊዜ ሸማኔ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ቀርጾ ለጠፈልኝና ብዙ ሰው አየው። ከኮሜንቱ ግማሹ «ዋጋ» ይላል፣ ግማሹ የዘፈኑን ርዕስ ይጠይቃል። ደግሞ ቪዲዮው መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው ቲክቶክ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። የጥምቀት ቀሚስ ብለን የለጠፍነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት ተነሥቶ ስልኬን አላስቀምጥ አለኝ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ የለ?

ለቦርሳዋ ልጅ ግን ቲክቶክን አልከለከልኳትም። ቦርሳ በዓል አይጠብቅም፤ አንዷ አይታ ወዳው ብቻዋን ትገዛዋለች፣ እናት አታማክርም። ቆዳ ሲቆረጥና በእጅ ሲሰፋ ማየትም ዓይን ይይዛል። እኔን ያላዋጣኝ እሷን ሊያዋጣት ይችላል። ለዚህ ነው ከደብተሯ ላይ ያለውን ዝርዝር ለሁሉም ሰው እኩል የሚያድለው አሠልጣኝ የሚያናድደኝ፤ ስለ ዕቃው ሳይጠይቅ ስለ መድረኩ ያስተምራል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ከድርጅት ገጽ ይልቅ የወዳጅ ዘመድ ወሬ አስቀድማለሁ ካለ ወዲህ ገጽ ብቻ ከፍቶ መቀመጥ ብዙም አይረባም፤ ቡስት ላድርግ ካልክ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፣ ካርድ የሌለው ለአገናኝ ይከፍላል። የመሸጫ ግሩፖቹ ግን አሁንም ሰው አያጡም። ኢንስታግራም ሙሽሮችና ፎቶ አንሺዎች ያሉበት ነው፣ አልነቅፈውም። ሊንክድኢን ለሆቴሎች ዩኒፎርም ለሚያቀርብ ወይም ቡና ወደ ውጭ ለሚልክ ሰው ጥሩ ነው፤ ቀሚስ ፈልጎ ሊንክድኢን የሚከፍት ግን አላጋጠመኝም። ሁለተኛዬ ዋትስአፕ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግና ለንደን ያሉት ደንበኞቼ የሚገኙት እዚያ ነው፣ ዕቃውን የሚያደርስላቸው መንገደኛ የምንፈላለገውም እዚያው ነው።

ለቴሌግራም ይህን ያህል ስሟገት የእህቴ ልጅ «በ2015ስ?» ብሎ አፌን ያስይዘኛል። በዚያ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ፋሲካ የዋለው በዚያው መሃል ነው። ቪፒኤን አብርተው የሚገቡት ወጣቶቹ ናቸው፤ የምትወስነዋ እናት ግን ከዚህ ነገር ውስጥ የለችበትም። ያኔ ከኪሳራ ያወጣኝ ደብተር ነው። ከእኔ ቀሚስ የገዛ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ስልኩ፣ የደረት፣ የወገብና የቁመት ልኩ እዚያ ላይ ይሰፍራል። «ለፋሲካ አዲስ ገብቷል፣ ልክሽ እኔ ጋ አለ» እያልኩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሸጥኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ተከታይ ቁጥር የሚነግረኝ ሰው ሲመጣ ስንቱ ስልክ ደብተርህ ላይ አለ ብዬ ነው የምጠይቀው። አብዛኛው መልስ የለውም።

አባቴ ከዶርዜ መጥቶ እዚሁ አዲስ አበባ ዕድሜውን ሙሉ የሸመነ ሰው ነው። ሸምኖ ሲጨርስ ነጋዴ ይረከበዋል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቁ የት እንደደረሰ፣ ማን እንደለበሰው አያውቅም። ሸማኔ በንቀት ስም በሚጠራበት ዘመን ማንስ ይነግረው ነበር? ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር የሸማኔውን ስም የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን «የእሱ እጅ የሆነ ሌላ አለ?» ብለው የሚጠይቁኝ ደንበኞች አሉ። ሸማኔዎቹም ይህን አውቀዋል፤ ሒሳብ ስንነጋገር ስልካቸውን አውጥተው የደንበኛውን ቃል እያስነበቡ ያስጨምሩኛል። ከኪሴ ሲወጣ ቅር ይለኛል፣ ስሙን መጻፍ ግን አልተውም።

ሰዎች ለብሰው የተነሡትን ፎቶ ሲልኩልኝ ማታ ለአባቴ አሳየዋለሁ። ደስ እንዲለው ነበር የማሳየው፤ እሱ ግን መነጽሩን አድርጎ፣ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አስፍቶ ጥለት ይመረምራል። የሙሽራዋ ፊት ላይ ዓይኑ አያርፍም። ከሪያድ የተላከልኝን የሰርግ ፎቶ ሲያይ አንዷ ሚዜ ላይ ቆመና «ይሄ እኮ ተገልብጦ ነው የተሰፋው፤ የመስቀሉ እግር ወደ ላይ ሆኗል» አለ። ሐዋሳ የሰፋው ሰው ከየት ያውቃል? ያልተሰፋ ጨርቅ ስለጥፍ ታዲያ ከዋጋውና ከሸማኔው ስም ቀጥሎ አሁን አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ የትኛው ጠርዝ ወደ ላይ እንደሚሆን ለልብስ ሰፊው የሚናገር። እናቶቹም ያንኑ ፖስት ለሰፊዎቻቸው ፎርዋርድ ማድረግ ጀምረዋል።