ዝምተኛውን ካውቦይ ለማየት

ስለ ነፋስ ፊልም ሥራ የተባለ ዳይሬክተር መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ድምፅ ነው። ስዊድናዊው ቪክቶር ሾስትረም «ዘ ዊንድ»ን ሲቀርጽ ግን ድምፅ አልነበረውም (ፊልሙ የወጣው በ1928 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሊሊያን ጊሽ የምትጫወታት ሌቲ ከቨርጂኒያ ተነስታ ወደ ምዕራብ ቴክሳስ ትሄዳለች፤ እዚያ የማያባራው ነፋስ ቀስ በቀስ አእምሮዋን ይነካዋል። ቀረጻው የተካሄደው በሞሃቬ በረሃ ሲሆን አሸዋውን የሚያስነሱት የአውሮፕላን ፕሮፔለሮች ነበሩ። እንደ እኔ ግን የፊልሙ ጉልበት ያለው ከዚያ ሁሉ አቧራ ይልቅ በጥቃቅኑ ነገር ላይ ነው። ሌቲ ሳህን የምታጸዳው በአሸዋ ነው፤ ይህች አንዲት ሾት ውኃ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነና አሸዋው ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ያለ አንድ ቃል ትነግረናለች። በሠርጓ ሌሊት ደግሞ ካሜራው ፊታቸውን ትቶ ወደ እግራቸው ይወርዳል፤ የባልየው ቦት ጫማ በአንደኛው ክፍል፣ የእሷ ጫማ በሌላኛው ወዲያ ወዲህ ሲንቆራጠጥ እናያለን። ስለ ጋብቻው ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር የለም። ፊልሙን ያሠራው ኩባንያ ሲያወጣው ሙዚቃና የድምፅ ማጀቢያ ለጥፎበታል፤ ምስሉ ግን ሥራውን ቀድሞ ጨርሶ ነበር።

በፊልም ኤዲተርነት የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ አልባ የካውቦይ ፊልሞችን ብዙ ሰው የሚያያቸው አንድ ነገር እንደጎደላቸው፣ ድምፅ እስኪመጣ እንደጠበቁ ሥራዎች አድርጎ ነው። እኔ እንደማየው ግን የካውቦይ ታሪክ ዋና ጥሬ ዕቃ ርቀት ነው፤ ማን የት ቆሟል፣ በመካከላቸው ስንት እርምጃ አለ፣ ያንን እርምጃ ማን ይደፍራል የሚለው ነው። ንግግር በሌለበት ዳይሬክተሩ ይህንን ርቀት አጥርቶ ከማሳየት ሌላ አማራጭ ስለሌለው፣ ከድምፅ አልባው ዘመን ዳይሬክተሮች ሥራ ዛሬም የሚዘረፍ ብዙ ብልሃት አለ። ጆን ፎርድ በ1917 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን «ስትሬት ሹቲንግ»ን ሲሠራ ገና ሃያዎቹን አልጨረሰም። እዚያ ፊልም ላይ ተዋናዩ ሃሪ ኬሪ ከባላጋራው ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ፣ ሰፊው ሾት ሁለቱን ሰዎችና ባዶውን መንገድ ያሳየናል፤ ቀጥሎ ክሎዝ አፖቹ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ትርጉም አይኖረውም። ሜዳውን አስቀድመን ስለለካነው ነው ፊታቸው ላይ ያለው ፍርሃት የሚገባን። ዛሬ በብዙ ፊልሞች ላይ የተኩስ ሲን ከክሎዝ አፕ ይጀምርና ማን ማንን እንደመታ ለማወቅ እስከ መጨረሻው እንቸገራለን።

«ትወናው ግን የተጋነነ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። በአንዳንዱ ላይ ልክ ነው፤ አልከላከልለትም። ዊልያም ኤስ. ሃርት ግን ለዚህ ክስ አይመችም። ወደ ፊልም ዘልቆ የገባው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት የመድረክ ተዋናይ ስለነበር ማጋነን አያቅተውም ነበር፤ ግን ተወው። በ1916ቱ «ሄልስ ሂንጅስ» ላይ አዲሱን ቄስ ከከተማው ሊያባርር የመጣው ወሮበላ የቄሱን እህት ሲያይ፣ ሃርት ከሞላ ጎደል አይንቀሳቀስም። ዙሪያው ያለው ሕዝብ ይተራመሳል፣ እሱ ቆሞ ያያል። መለወጡን የምናውቀው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ዝም በማለቱ ነው። በመካከል የሚገቡት ጽሑፎች ግን ስብከት ያበዛሉ፤ ግማሾቹን ባወጣቸው ፊልሙ ምንም አይጎድልበትም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፍጥነቱ ነው፤ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ይሯሯጣሉ ይባላል። ጥፋቱ የቀረጹት ሰዎች አይደለም። ካሜራው በእጅ ይዘወር ስለነበር በሴኮንድ የሚቀረጸው ምስል ብዙ ጊዜ ከ24 ያነሰ ነበር፤ ያንን በድምፅ ፊልም ፍጥነት በ24 ስናሳየው ይጣደፋል። የዚያን ዘመን ፊልም ጥሬ ዕቃ ለቀይ ቀለም ዕውር ስለነበር ቀይ ነገር ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ሰማይም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ብዙው ኮፒ ደግሞ ለሌሊት ሰማያዊ፣ ለእሳት ቀይ ቀለም ይነከር ነበር። ቀለሙ ታጥቦ የወጣለት፣ ፍጥነቱ የተዛባ፣ አሥር ጊዜ የተቀዳ ኮፒ አይቶ በፊልሙ ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም፤ በደንብ የታደሰውን መፈለግ ይገባል። ይህም ከተገኘ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከአገሪቱ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ ይዞታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። «ስትሬት ሹቲንግ» ራሱ ከጥፋት የዳነው ቼኮች ዘንድ በተገኘ ኮፒ ነው።

«አክተር አይሞትም» የሚለውን የሲኒማ ቤት ቀልድ የሚያውቅ ሰው መጨረሻው አስቀድሞ ይታወቃል ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ሃርትም አይሞትም። ነገር ግን «ሄልስ ሂንጅስ» ላይ ቄሱ ሰክሮ ይወድቃል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይቃጠላል፣ ጀግናውም የመጠጥ ቤቱን ኩራዞች ተኩሶ ከተማውን በሙሉ ያነደዋል። ማን እንደሚተርፍ ማወቃችን ከዚህ እሳት ምን ይቀንስለታል?

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የምድሪቱ ባለቤቶች ጉዳይ ነው፤ እሱን በቴክኒክ ማምለጥ አይቻልም። በነዚህ ፊልሞች ቀደምት አሜሪካውያን ብዙ ጊዜ ወይ ማስፈራሪያ ናቸው፣ ወይ ጨርሶ የሉም። በኦክላሆማ በካይዋና በኮማንቺ ሰዎች ብቻ የተተወነው የ1920ው «ዘ ዶተር ኦፍ ዶውን» ሌላ መንገድ እንደነበረ ያሳያል፤ ብቻውን ግን ሚዛኑን አያስተካክልም። በ1925 የወጣው የሃርት የመጨረሻ ፊልም «ተምብልዊድስ» የ1893ቱን የቼሮኪ ስትሪፕ የመሬት ሽሚያ ያሳያል። ከሽሚያው በፊት ተሰልፎ የሚጠብቀው ሕዝብ፣ ከዚያ የፈረሱና የሠረገላው ግልቢያ፣ በእኔ ግምት ከዘመኑ ቅንብር ምርጡ ነው። ለሚዘጋው የከብት ግጦሽ ፊልሙ ከልቡ ያዝናል፤ ካውቦዮቹ የመጨረሻው መንጋ ሲያልፍ ባርኔጣ ያወልቃሉ። የቦታው ስም ቼሮኪ የሆነው ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ቅንብሩን የሚያጠና ሰው እያንዳንዱን ሾት ሲቆጥር፣ ከዚያ ሁሉ ሰፊ ሜዳ ላይ ማን ከፍሬሙ ውጭ እንደቀረም አብሮ መቁጠር አለበት።